ሸክላው ይቀመጥ፣ ወረቀቱ ይጣል?

ጎረቤቴ ሰማንያን ያለፉ አሜሪካዊት ናቸው። ባለቤታቸው ሲያርፉ ቤዝመንት ሙሉ አሮጌ የሙዚቃ ሸክላ ትተውላቸው ሄዱ። ልጆቻቸው የሚኖሩት ራቅ ያለ ስቴት ነው። እኔ ደግሞ በሰፈራችን፣ ከዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሮጌ ነገር የሚወድ ሐበሻ ተብዬ ስሜ ወጥቷል። አንድ ቅዳሜ ጠሩኝና ሥራ ሰጡኝ። ሸክላዎቹን ካረጀው የወረቀት ከረጢታቸው እያወጣሁ እሳቸው በገዙት አዲስ ነጭ ከረጢት ውስጥ እንድከት ነው። አንድ ትልቅ ጥቁር የቆሻሻ ፌስታልም አቀበሉኝ። «አሮጌውን ወረቀት እዚህ ውስጥ ጣለው፤ አቧራ ብቻ ነው» አሉኝ።

ሥራው ጭንቅላት አይፈልግም። ሸክላውን ማውጣት፣ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግ ማድረግ፣ አዲሱ ውስጥ መክተት። ወረቀቶቹ ጠርዛቸው ጠይሞ ቡናማ ሆኗል። ገና ሲነኳቸው ይፈረፈራሉ። ገና ከመጀመሬ ግን አንዱ ላይ ዓይኔ ተያዘ። የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ማስታወቂያ ታትሞበታል። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ምንጣፍ፣ ግራማፎን፣ ሸክላ፤ ሁሉም በዱቤ። ከሥሩ አድራሻ አለ፦ ዋሽንግተን፣ ሰባተኛው ጎዳና። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሰው በእርሳስ ቁጥር ጽፎበታል።

ሸክላውን በአንድ እጄ፣ ወረቀቱን በሌላው እጄ ይዤ ቆምኩ። ሸክላው ላይ ያለው የዘፋኙ ስም ነው። የዘፋኙን ስም ዛሬም ከፈለግኩት ቦታ አገኘዋለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሸክላው የተሸጠበት ጎዳና ነው። እሱን ከየት አገኘዋለሁ? ከዚያ ወዲህ ስለ እነዚህ ከረጢቶች ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ከጀርባ የጀመረው ጉዞ

የኤዲሰንን የ1877 ፎኖግራፍ ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተነዋል፤ አልደግመውም። ምኒልክና ንግሥት ቪክቶሪያ በሲሊንደር ድምፅ የተላላኩበትንም ታሪክ እንደዚያው። ለኔ ጉዳይ የሚጠቅመው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲሊንደር ቆሞ የሚቀመጥ ዕቃ ስለሆነ ክዳን ያለው የካርቶን መያዣ ተሠራለት። ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ ተለጠፈበት፣ ውጪው ላይ የኤዲሰን ፎቶና ፊርማ ታተመበት። ገዢው መደርደሪያው ላይ ሲያየው የማን ዕቃ እንደሆነ ወዲያው ያውቃል።

ጠፍጣፋው ሸክላ ግን እንዲህ ዓይነት ክብር አላገኘም። ፈልሳፊው ኤሚል በርሊነር በ1851 ጀርመን፣ ሃኖቨር ተወልዶ በ1870 አሜሪካ የመጣ ስደተኛ ነው። ዕድሜውን አብዛኛውን የኖረው እዚሁ ዋሽንግተን ሲሆን ቤቱ ኮሎምቢያ ሮድ ላይ ነበር። ኮሎምቢያ ሮድ ከአሥራ ስምንተኛው ጎዳና ጋር የሚገናኝበትን ሰፈር የማያውቅ የዋሽንግተን ሐበሻ የለም። አዳምስ ሞርጋን ነው። የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶቻችን ከተደረደሩባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ስንሰማበት ያደግንበት መንገድ የግራማፎን አባት የኖረበት መሆኑን የነገረን ግን አልነበረም። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላል የኛ ሰው።

በርሊነር ግራማፎኑን በ1887 በስሙ አስመዘገበ። የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ግን ለገበያ ያወጣው ሙዚቃ ቤት አልነበረም፤ ጀርመን አገር ያለ የመጫወቻ አሻንጉሊት ፋብሪካ ነው። ከ1889 እስከ 1890 ባለው ጊዜ መሆኑ ነው። ሸክላዎቹ 12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ነበራቸው፤ የልጅ መዳፍ ይችላቸዋል። ድምፅ ያለው በአንድ ፊት ብቻ ነው። በባዶው ጀርባ ላይ ደግሞ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ምን ነበር? የዘፈኑ ወይም የግጥሙ ቃላት።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የዚያን ጊዜው ቅጂ ድምፁ ምን ያህል ጥርት ያለ እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል። ገዢው ቃላቱን ካላነበበ የሚሰማው ምን እንደሆነ ላይገባው ነው። ግን ደግሞ ቁም ነገር አለበት። ሸክላና ወረቀት ገና ከጅምሩ አብረው ነበሩ ማለት ነው። አንዱ ያሰማል፣ ሌላው ምን እንደምትሰማ ይነግርሃል።

ከ1894 ጀምሮ በርሊነር አሜሪካ ውስጥ 17 ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸውን ሸክላዎች መሸጥ ጀመረ። መጀመሪያ ከጠንካራ ጎማ ይሠሩ ነበር፣ ብዙ ሳይቆይ ሼላክ ወደሚባል ሙጫ ተዛወሩ። የዘፈኑ ርዕስ መሃሉ ላይ በእጅ ተጭሮ ይጻፋል። በደንብ ብርሃን ካልያዝክበት አይነበብም። የወረቀት መለያ መሃሉ ላይ መለጠፍ የተጀመረው በ1900 ነው። ለበርሊነር ሞተር ይሠራለት የነበረው ኤልድሪጅ ጆንሰን ነው ያመጣው። ይኸው ሰው በ1901 ኒው ጀርሲ፣ ካምደን ውስጥ ቪክተር ቶኪንግ ማሽን ኩባንያን አቋቋመ።

ከረጢቱ መሃል ላይ ያለችው ክብ ቀዳዳ ትርጉም የምታገኘው እዚህ ላይ ነው። መለያ ባይኖር ቀዳዳዋ የምታሳየው ጥቁር ነገር ብቻ ነበር። መለያው ሲመጣ ባለ ሱቁ ሸክላውን ሳያወጣ ርዕሱን ማንበብ ቻለ። በ1904 ኦዴዎን የተባለው የበርሊን ኩባንያ በሁለቱም ፊት የተቀረጸ ሸክላ ሲያወጣ፣ ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ሸክላ ኩባንያም በ1908 ሲከተል፣ ቀዳዳው ሁለቱም ጎን ላይ አስፈለገ። ወረቀት መቅደድ ቀላል ነገር ይመስላል። እኔ ግን ጎረቤቴ ቤዝመንት ውስጥ ቁጭ ብዬ ጣቴን በዚያች ቀዳዳ ሳሽከረክር ይህን ያሰበው ሰው ብልህ ነው አልኩ። ስሙን የመዘገበለት የለም።

ሰባት ዶላር በቡናማ ወረቀት

የጥንቱ ሸክላ ቪኒል አይደለም። ማጣበቂያው ሼላክ ነው፤ ሕንድና ታይላንድ አካባቢ ዛፍ ላይ የምትኖር ትንሽ ነፍሳት የምታመነጨው ሙጫ። ሙጫው ከተፈጨ የድንጋይ ዱቄት፣ ከጥላሸትና ከጥጥ ብናኝ ጋር ተለውሶ በሙቀት ይጨመቃል። ከወደቀ ይሰበራል፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

የድንጋይ ዱቄቱ ነገር መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ለድምፅ ዕቃ ድንጋይ ምን ያደርጋል? ለካ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። የግራማፎኑ መርፌ ብረት ነው። ሸክላው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዙሮች መርፌውን ሞርዶ ድምፁ ከተቀረጸበት ቦይ ልክ ጋር ያስማማዋል። ስለዚህ መርፌው የሚያገለግለው ለአንድ ፊት ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ ተጫውቶ ይጣላል። ያንኑ መርፌ ደግመህ ካጫወትክበት ቦዩን ማረስ ይጀምራል። ከላዩ የሚጫነው የግራማፎኑ ራስ ደግሞ ከ100 ግራም በላይ ይከብዳል። ቤቱ ውስጥ አንድ ቆጣቢ ሰው ካለ ሸክላው አለቀለት ማለት ነው።

ብዙ ከረጢቶች ላይ «መርፌ ከአንድ ጊዜ በላይ አትጠቀሙ» የሚል ማሳሰቢያ የታተመው ለዚህ ነው። ጎን ለጎን የመርፌ ማስታወቂያ አለ። ማሳሰቢያው ምክር ነው ወይስ ንግድ? ሁለቱም ይመስለኛል። የሚገርመው ሸክላ ሲበላሽ ዛሬ ብዙ ሰው የሚወቅሰው ወረቀቱን መሆኑ ነው። ወረቀቱ ሻካራ ስለሆነ ጫረው ይባላል። ሲወጣና ሲገባ ትንሽ መፋቁ እውነት ነው። ግን ከመቶ ግራም ብረት ጋር አይወዳደርም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው ነገሩ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ዋጋው ነው። በ1908 ቪክተር ኩባንያ ኤንሪኮ ካሩሶን ከሌሎች አምስት ዘፋኞች ጋር ሰብስቦ አንድ የኦፔራ ክፍል ቀረጸ። በአንድ ፊት ብቻ የተቀረጸ፣ አራት ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ሸክላ ነው። ዋጋው 7 ዶላር። ከስድስት ዓመት በኋላ ሄንሪ ፎርድ ለሠራተኞቹ በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ ሲል አገሩ ጉድ ብሏል። እንግዲህ ወደ አንድ ቀን ተኩል የሚጠጋ የፎርድ ደመወዝ ለአራት ደቂቃ ዘፈን መሆኑ ነው። እና ይህ ዕቃ ምን ውስጥ ተሸጠ? ያው ወረቀት ውስጥ።

እኛ እኮ ለዳዊታችን ማኅደር የምንሰፋ ሕዝብ ነን። ቆዳ አልፍተን፣ ማንገቻ አበጅተን፣ መጽሐፉን እንደ ሕፃን አዝለን የምንሄድ። የሰባት ዶላር ዕቃ በስስ ቡናማ ወረቀት ሲሸጥ ማየት ከበደኝ። ሳስበው ግን ምክንያት ነበረው። ያኔ ክብሩ የማሽኑ ነበር። ግራማፎኑ ሳሎን ውስጥ የሚቆም፣ በጥሩ እንጨት የተሠራ፣ እንግዳ የሚያየው ዕቃ ነው። ሸክላው የሱ ቀለብ ነው። ለቀለብ ደግሞ ማን ልብስ ይሰፋል?

የወንበር ፋብሪካና ብሉዝ

ወደዚያ የቤት ዕቃ ሱቅ ልመለስ። መጀመሪያ «አልጋ ሻጭ ከሸክላ ጋር ምን አገናኘው?» ብዬ ነበር። መልሱ ከላይ ያልኩት ነው። ግራማፎን የቤት ዕቃ ነበር። ቁም ሣጥን የሚሸጥ ሰው ግራማፎን ይሸጣል። ግራማፎን የሸጠ ሰው ደግሞ ደንበኛው ተመልሶ እንዲመጣ ሸክላ ያስቀምጣል።

የዚህ ነገር ጥጉ ዊስኮንሲን ነው። ፖርት ዋሽንግተን በምትባል ከተማ አንድ የወንበር ፋብሪካ ነበር፤ ዊስኮንሲን ቼር ካምፓኒ ይባላል። የግራማፎን ሣጥን መሥራት ጀመረ። ሣጥኑ እንዲሸጥለት ሸክላ ማሳተም ያዘ። ፓራማውንት ሪከርድስ የተባለው እንዲህ ተወለደ። በ1920 ማሚ ስሚዝ የተባለችው ጥቁር ዘፋኝ በኦኬ ኩባንያ ያስቀረጸችው ብሉዝ ገበያውን ሲያናውጠው ኩባንያዎቹ ነቁ። ጥቁር አሜሪካውያን ግራማፎን አላቸው፣ የራሳቸውን ሙዚቃ ለመግዛትም ገንዘብ ያወጣሉ። ፓራማውንት ተከትሎ ማ ሬይኒንና ብላይንድ ሌመን ጀፈርሰንን ቀረጸ። ዛሬ የብሉዝ ታሪክ ሲነሳ ከፊት የሚጠሩት ስሞች የመጡት ከወንበር ፋብሪካ ነው። ቅጂዎቹ በርካሽ ድብልቅ ስለተሠሩ ሲጫወቱ ይንጫጫሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ቅጂያቸው አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ ሸክላዎች በየሰፈሩ ሱቅ ሲደርሱ ሁለት ዓይነት ወረቀት ሊለብሱ ይችላሉ። አንዱ የፋብሪካው ነው። አዳዲስ ዘፈኖች ይዘረዘሩበታል፣ መርፌ ይተዋወቅበታል፣ ማሳሰቢያ ይጻፍበታል። ሌላው የባለ ሱቁ ነው። እዚያው ከተማ ያለ ማተሚያ ቤት ሄዶ ስሙን፣ አድራሻውንና የሚሸጠውን ሁሉ ያሳትማል። ከዚያ የየትኛውም ኩባንያ ሸክላ ቢሆን እዚያ ውስጥ ከትቶ ይሰጣል።

በሁለቱ መካከል ፉክክር ነበር፤ በወረቀት ብቻ የተወሰነም አልነበረም። ቪክተር ማሽኖቹ ላይ ማሳሰቢያ ይለጥፍ ነበር። ዕቃው ለገዢው የተፈቀደለት በተወሰነ ዋጋና ሁኔታ ብቻ ነው የሚል ዓይነት። የሜሲስ መደብር ባለቤቶች ይህን ተከራከሩ። በ1917 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማሳሰቢያው አይጸናም አለ። የሸጥከውን ዕቃ ወረቀት ለጥፈህበት እንደገና ልታዝዝበት አትችልም ማለቱ ነው። እኔ በበኩሌ በዚህ ፍርድ ባለ ሱቆቹን ሆኜ ደስ ብሎኛል። ፋብሪካው ከካምደን ሆኖ ሁሉንም ሲያዝ፣ ያ ሰውዬ ደግሞ በሰባተኛው ጎዳና ላይ ስሙን በራሱ ወረቀት እያሳተመ ይሸጣል።

ሰባተኛው ጎዳና የድሮዋ ዋሽንግተን ዋና የገበያ መንገድ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ የጥቁሮች ሰፈር ወደነበረው ሾው ይገባል። ዛሬ እኛ ቡና ከምንጠጣበት የዩ ጎዳና አካባቢ በእግር የሚደረስ ነው። ሸክላው የትም ከተማ ያለ ሰው ከገዛው ሸክላ ጋር አንድ ነው፤ አንድ ማሽን ነው የጨመቀው። እዚህ ከተማ መሸጡን የሚመሰክር ወረቀቱ ብቻ ነው። ዕዳው በዱቤ መከፈሉን፣ አልጋና ዘፈን በአንድ ደረሰኝ መገዛታቸውን የሚጠቁም እሱ ነው። ስለ ዘፋኞች ብዙ ተጽፏል። ስለ ሰሚዎቹ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ከዚያም ላይ ከፊሉ በቆሻሻ ፌስታል ውስጥ ሲጣል ኖሯል።

«በምን ታውቃለህ?»

አንድ ጓደኛዬ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አሮጌ ሰነድ በመንከባከብ ነው እንጀራዋን የምትበላው። ያን ምሽት ደወልኩላት። ንግግሬን ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«ወረቀቱን ከሸክላው ጋር እንዳትመልሰው!» አለች። «አሲድ ነው እኮ። መጀመሪያ ራሱን ይበላል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገራል።»

እውነቷን ነው። የዚያ ዘመን ርካሽ ወረቀት ከእንጨት ዱቄት ነው የሚሠራው። ውስጡ ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ክፍል ይቀራል። ቀለም እንዳይመጥጥ የሚጨመርበት ነገርም አሲድ ያመነጫል። አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይጠይማል፣ ቃጫው እየተቆራረጠ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ቦዩ ውስጥ ይገባል። ብራና አምስት መቶ ዓመት ሲቆይ እነዚህ ከረጢቶች መቶ ዓመት ሳይሞላቸው ያለቀላቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ አዲስ ከረጢት መግዛታቸው ትክክል ነው። ሸክላ በአሲድ አልባ ወረቀት፣ በቁሙ ይቀመጥ የሚለውን ሁሉም ባለሙያ ይስማማበታል።

«እሺ፣ ግን ልጣለው?» አልኳት።

«ቆይ እስቲ። ያ ወረቀት ከዚያ ሸክላ ጋር አብሮ መገዛቱን በምን ታውቃለህ?»

እዚህ ላይ ዝም አልኩ። ሸክላውን አነሳሁና መለያውን አየሁት። የኮሎምቢያ ነው። ከረጢቱ ላይ የተሳለው ግራማፎን ግን የቪክተር ነው። ባለ ሱቁ ሁለቱንም ይሸጥ ይሆናል። ወይም ደግሞ አንድ ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ሲጨፍር ቆይቶ፣ ሲጨርስ ያገኘውን ሸክላ ባገኘው ከረጢት ውስጥ ከቶታል። ወይም የጎረቤቴ ባለቤት ከሌላ ቦታ ገዝተው ቀላቅለውታል። በእርሳስ የተጻፈው ቁጥርስ የማነው? የባለ ሱቁ ነው ወይስ የገዢው? ወረቀት ይሰደዳል። ከሸክላ ወደ ሸክላ፣ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል። እኔ በአንድ ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ መሥራት ጀምሬ ነበር፤ እሷ በአንድ ጥያቄ አፈረሰችው።

ጥቂት አሰብኩና ግን ሙሉ በሙሉ እንዳላፈረሰችው ገባኝ። ወረቀቱ ስለዚያ አንድ ሸክላ ላይመሰክር ይችላል። ስለ ሱቁ ግን ይመሰክራል። እንዲህ ያለ ሱቅ ነበር፣ እዚህ አድራሻ ላይ፣ እነዚህን ነገሮች እየሸጠ። ይህ ከየትኛውም ሸክላ ጋር ቢቀመጥ አይቀየርም። የተቀላቀለ መሆኑ ራሱም ይናገራል፤ ሸክላው ከመደርደሪያ ወርዶ በሰው እጅ ተይዟል፣ ተጫውቷል። ጨርሶ ያልተነካ ሸክላ ከወረቀቱ አይለይም።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ለየብቻ አስቀምጣቸው። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ስጥ። ወረቀቱን ዘርጋና በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርገው። በእርሳስ ጻፍ፣ በእስክሪብቶ እንዳይሆን። ስታነሳው ደግሞ ከሥሩ ደግፈህ። ከአያያዝ ይቀደዳል ሲባል አልሰማህም?»

ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለውን ሁለተኛውን ግማሽ ለኔ ተወችልኝ።

በማግስቱ ለጎረቤቴ ነገርኳቸው። «ለወረቀቱ ከዚህ ሁሉ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ አንዱን አነሱና አድራሻውን አነበቡት። ዓይናቸው ስለደከመ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉ። «እናቴ የመጀመሪያ አልጋዋን የገዛችው እዚያ መንገድ ላይ ነው» አሉ። እዚያው ሱቅ ይሁን ሌላ አላስታወሱትም፤ እኔም አልገፋሁም። ፌስታሉን ግን ራሳቸው አጥፈው አስቀመጡት።

ልብስ የተሰፋለት ቀን

የከረጢቱ ታሪክ ወደ ሽፋን የተሸጋገረበትን አላልፈውም፤ ባጭሩ። አንድ ሲምፎኒ ብዙ ሸክላ ይፈጃል፤ ምክንያቱም አንዱ ፊት የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ነው። በ1909 ኦዴዎን የቻይኮቭስኪን አንድ ሥራ በአራት ሸክላ አድርጎ በአንድ መያዣ ሸጠ። በዚያው ዘመን ባዶ ከረጢቶች እንደ መጽሐፍ ተጠርዘው ለገዢው ይሸጡ ጀመር። እሱ ራሱ የፈለገውን ይሞላበታል። ጀርባቸው ላይ ቁጥር አላቸው፤ በእርሳስ የተጻፈው የኔ ቁጥርም ምናልባት ከዚህ የመጣ ነው።

እነዚህ ጥራዞች ግራጫ ወይም ቡናማ ናቸው፤ ርዕሱ ብቻ ይጻፍባቸዋል። አሌክስ ስታይንዋይስ የተባለ የኒው ዮርክ ልጅ በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜው ኮሎምቢያ ኩባንያ ሲቀጠር መደርደሪያ ላይ የተሰለፉትን አይቶ የመቃብር ድንጋይ ይመስላሉ አለ። ለአለቆቹ ሥዕል እንሥራባቸው ብሎ አሳመናቸው። በ1940 የመጀመሪያው በሥዕል ያሸበረቀ ሽፋን ወጣ። ሽያጩ ጨመረ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። በ1948 ኮሎምቢያ ረጅም የሚጫወተውን የቪኒል ሸክላ ሲያወጣ ለሱ የሚሆነውን የካርቶን ሽፋን የነደፈውም እሱው ነው።

ከዚያ በኋላ ሽፋን ጥበብ ሆነ። ሙዚየም ገባ፣ ሰብሳቢ አገኘ፣ መጽሐፍ ተጻፈለት። ደስ ይለኛል። ግን አንድ ነገር ቀረ። ሽፋኑ ከፋብሪካው ጋር አብሮ መምጣት ሲጀምር ባለ ሱቁ ስሙን የሚያሳትምበት ቦታ አጣ። ቢበዛ ትንሽ ተለጣፊ ወይም ማኅተም። ሥዕሉ እየደመቀ በሄደ ቁጥር ሰፈሩ እየጠፋ ሄደ። ሰዎች ስታይንዋይስን ሲያደንቁ እኔም አደንቃለሁ፤ ያ በዱቤ አልጋ የሚሸጠው ሰውዬ ግን ይናፍቀኛል።

የኛዎቹስ?

ተሰማ እሸቴ በምኒልክ ዘመን በርሊን ሄዶ ድምፁን በሸክላ ማስቀረጹን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ቅጂ ተብሎ መቶኛ ዓመቱ ታስቦ በሲዲ እንደገና ወጥቷል። ድምፁን ዛሬ በስልካችን እንሰማዋለን። እኔ ግን ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የማስበው ስለ ገዢዎቹ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እነዚያን ሸክላዎች በእጁ የያዘ ሰው ከማን ገዛቸው? ከየትኛው ነጋዴ፣ በስንት ብር? እንዲህ ያለውን ጥያቄ ዘፈኑ አይመልስም። የሚመልሰው ደረሰኝና ወረቀት ነው።

የቅርቡን እናንሳ። አምሃ እሸቴ በ1969 የመንግሥትን ብቸኛ የማሳተም መብት ተጋፍቶ ሸክላ ማውጣት ጀመረ። በኋላ እዚሁ ዋሽንግተን መጥቶ ምግብ ቤት ከፍቷል፤ በ2021 አርፏል። በርሊነርና አምሃ አንድ ከተማ መኖራቸውን ሳስብ ትንሽ ይገርመኛል፤ ዘመናቸው ባይገጥምም። የአምሃና የሌላው አሳታሚ፣ የካይፋ፣ ሸክላዎች ዛሬ አውሮፓ ውስጥ በውድ ይሸጣሉ። ፈረንጅ ሰብሳቢዎች ሸክላው መጫሩን፣ ሽፋኑ መቀደዱን ይጠይቃሉ። ሽፋኑ ላይ ማኅተም ወይም የእጅ ጽሑፍ ካለ ዋጋው ይቀንሳል። ይህ ነው የሚያናድደኝ። እነሱ ጉድለት የሚሉት ለኔ ዋናው ነገር ነው። «ለውድ እህቴ፣ ለልደትሽ» የሚል የእስክሪብቶ ጽሑፍ፣ የአንድ ሙዚቃ ቤት ሰማያዊ ማኅተም፣ የቡና ቤት ስም። ማጥፊያ ይዞ የሚቀመጥም አለ አሉ፤ ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

እንግዲህ ቤታችሁ፣ ወላጆቻችሁ ቤት፣ ወይም የአጎታችሁ ቁም ሣጥን ላይ ሸክላ ካለ ልጠይቃችሁ። ሸክላውን ካሴት ቤት ወስዳችሁ ከማስገልበጣችሁ በፊት ከረጢቱን በስልክ አንሱት። ፊቱንም ጀርባውንም፣ የውስጡንም ከተቻለ። ፍላሽ አጥፉ፤ ያንጸባርቃል። በመስኮት ብርሃን፣ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ። ማኅተም ካለ ጠጋ ብላችሁ ድገሙት። በማጣበቂያ ፕላስተር አትጠግኑት፤ ፕላስተሩ ይጠይማል፣ ሲላጥ ደግሞ ጽሑፉን ይዞ ይነሳል። አብሮት የሚያስታውሰው ሰው በሕይወት ካለ የት እንደተገዛ ጠይቁና ቀኑን ጨምራችሁ ለብቻው ጻፉት። ፎቶውን ላኩልኝ፤ የሱቁን ስም እያየሁ በየከተማው ልደረድራቸው አስቤአለሁ። ከመርካቶ፣ ከፒያሳና ከአስመራ የመጡ ካሉ በተለይ።